ቆርቦ የመጣው ተፋላሚ

የሮብ ገበያ ቴኳንዶ ቡድን ዓርብ ጠዋት ደብረ ማርቆስ አዳራሽ ሲገባ የሳቀበት እንጂ የፈራው ሰው አልነበረም። በሳቂዎቹም አይፈረድም። የቡድኑ ልብስ የተሰፋው ከአቡጀዲ ነው፤ የሰፋላቸው ሰውዬም ዕድሜ ልኩን የተማሪ ዩኒፎርምና የካህን ቀሚስ ሲሰፋ የኖረ ነውና፣ የቴኳንዶ ሱሪ መሃሉ ሰፋ ማለት እንዳለበት ማን ይንገረው? አማረ የመጀመሪያውን ርግጫ ሲያነሣ ሱሪው ከመሃል እስከ ጉልበቱ ተተረተረ። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አማረ ግን ቀዳዳውን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው እየተከላከለ አሸነፈ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚስቅ አልተገኘም። በጮቄ ተራራ ሥር ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ያደገ እግር በሦስት ደቂቃ ፍልሚያ አይደክምም። ባለ አቡጀዲዎቹ ዓርብ ሁለት ቡድን፣ ቅዳሜ ደግሞ የአዘጋጁን ከተማ ቡድን ጥለው ለእሁዱ ዋንጫ አለፉ። ተጋጣሚያቸው ደጀን ሆነ።

የውድድሩ ደንብ ቀላል ነው። አንድ ቡድን አምስት ሰው ነው፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። አምስቱም በየተራ ይፋለማሉ፤ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ቡድን ዋንጫውን ይወስዳል። ተጠባባቂ የሚባል ነገር የለም። ከአምስቱ አንዱ ከሰልፉ ከጎደለ ቡድኑ ሳይፋለም ይሸነፋል።

የሮብ ገበያ አምስተኛ ተፋላሚ የብርጓል ባዘዘው ናት። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቡድኑ ባረፈበት ትምህርት ቤት ግቢ ቧንቧ ሥር የቁርጭምጭሚት ማሰሪያዋን ስታጥብ፣ ሌላዋ የቡድኑ ሴት ማንጠግቦሽ ከኋላዋ መጥታ አንድ የታጠፈ ወረቀት አንገቷ ሥር ሰካችላት።

«እንኪ። ያንቺው ጸሐፊ አውቶቡስ ሊሳፈር ሲሮጥ ሰጠኝ» አለቻት። «አልሸሹም ዞር አሉ ነው።»

የብርጓል እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ገለጠችው። ያ በቄስ ትምህርት ቤት የተቀረጸ፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ካህን ቀጥ ብሎ የቆመበት የእጅ ጽሑፍ ነው።

«የኔ ብርጓል፣

አባቴ ደውሎ ነበር። ለነገ አንድ ዲያቆን ጎድሏል። ሁለት ቄስና ሁለት ዲያቆን ብቻ አሉ፤ አምስት ካልሞላ ቅዳሴው ይታጎላል። ሰንበትን የሚያህል ቀን ደብሩ ተዘግቶ ቢውል ምን ብየ እኖራለሁ? ቀድሸ እስከ ስድስት ሰዓት እደርሳለሁ። የእኛም ቡድን በአምስት ነው የሚቆመውና አላጎድለውም። ፍልሚያው አልቆ አገር እንደ ገባን፣ ልብስሽን እንኳ ሳትለውጭ፣ እጅሽን ይዠ አባቴ ፊት እቆማለሁ። ሰው ሁሉ እያየ። ከእንግዲህ በደብዳቤ ብቻ መወደድ ይብቃሽ።

ዘመንፈስ»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዓመት ከመንፈቅ የጠበቀችው ይህንን ነው፤ ከእንግዲህ የሚቀራት አንድ ሌሊትና አንድ ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

«ምን ይላል?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ቀድሶ ይመጣል።»

ማንጠግቦሽ ፊቷን ቋጠረች። «ቀድሶ? ቀድሶማ ሊቆርብ ነው። ቆርቦ ደግሞ ሊፋለም?»

የብርጓል ግን አልሰማቻትም። የተወደደች ሴት ጆሮ እንዲህ ነው፤ የምትፈልገውን ብቻ ነው የሚያስገባው።

*

ያለፈውን ላላነበበ በአጭሩ እንንገረው።

የየብርጓል አባት አቶ ባዘዘው ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። በሲናን ወረዳ የእሳቸው ማረሻ ያልገባበት ማሳ፣ የእሳቸው ማጭድ ያላጨደው ስንዴ የለም። ማረሻውን የሚገዛው ገበሬ ግን ቤታቸው ገብቶ ውሃ አይጠጣም፤ ልጁንም ለልጃቸው አይድርም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ያየውን ይበላል፣ ይላል አገሩ። መብራት ገባ፣ ስልክ ገባ፣ ይህ ወሬ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ብረቱ ይፈለጋል፤ ብረት ቀጥቃጩ አይፈለግም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር እንዳላማው በቀበሌው ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ቴኳንዶ ማስተማር ሲጀምር የብርጓል ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ ነበረች። ልምምዱ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። ከእሷ ጋር የሚሆን ጠፋ። አማረ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሆዴን አሞኛል» አለ። ሌላው ጓደኛቸው አንሙት የጫማ ክሩን ሲፈታና ሲያስር ዋለ፤ ያውም በባዶ እግር በሚሠራ ስፖርት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀጭን ዲያቆን ከወዲያኛው ጥግ ተነሥቶ መጣና «ከእኔ ጋር ትሁን» አለ። በዚያው ዕለት ጎኑን ብላ ጣለችው። ተቀምጦ ሳቀ። በማግስቱም መጣ።

ዘመንፈስቅዱስ ማለት እሱ ነው። አባቱ የኔታ ገዳሙ ከሮብ ገበያ ከፍ ብላ ባለች የገጠር ደብር የሚቀድሱ፣ ስማቸው እስከ ደብረ ወርቅ የተሰማ የዜማ መምህር ናቸው። ሰባት ቤት አጥንት የሚቆጠርለት ቤት ማለት ነው። የእሱና የእሷ ፍቅር ታዲያ ያደገው መጋዘኑ ውስጥ በተሰቀለው፣ ጭድ በተሞላው የርግጫ ጆንያ ውስጥ ነው። በጆንያው ቀዳዳ እሱ ደብዳቤ ያስገባል፣ እሷ ታወጣለች። ቀን ሰው እያየ የሚነካካቸው ፍልሚያ ብቻ ነበር። ሰው ፊት አጠገቧ ተቀምጦ አያውቅም፤ ገበያ ላይ ሲገናኙም ሰላምታው በሩቁ ነው። «ጊዜ ስጭኝ» ይላት ነበር፤ ትሰጠው ነበር።

*

እሁድ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ዘመንፈስ የለም። ሰባት ሆነ። ፍልሚያው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እንዳላማው አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ከሮብ ገበያ የሚገባውን ሚኒባስ ሁሉ ይቆጥራል። የብርጓል እግሯን እያፍታታች ነው፤ ልቧ ግን በሩ ላይ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ነጠላውን እንደ ለበሰ፣ ጫፉን አፉ ላይ ጣል እንዳደረገ ነው። ከኋላው የኔታ ገዳሙ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ልጃቸውን አጅበው ገቡ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ወጣት ሁሉ መስቀል ሊሳለም ተነሣ። ቴኳንዶ እንዲህ ያለ እንግዳ አይቶ አያውቅም።

«ተመስገን» አለ እንዳላማው። «በል ቶሎ ልብስህን ለውጥ።»

ዘመንፈስ አልተንቀሳቀሰም። «ማስተር፣ ቆርቤያለሁ።»

ቆርቦ መፋለም ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። የቆረበ ሰው በዚያን ዕለት አይተፋም፣ አይታጠብም፣ እሾህ እንዳይወጋው እንኳ መንገዱን መርጦ ይረግጣል። ቅዱስ ቁርባን በገባበት ሰውነት ደም መፍሰስ የለበትም። ፍልሚያ ደግሞ ጡጫ ነው፣ ጡጫም ፊት ያገኛል።

«ትናንት ስትሄድ ይህን አታውቅም ነበር?» አለ እንዳላማው፤ ድምፁ ቀጠነ።

«አውቃለሁ። ግን... አላሰብሁትም። መንገዱን ነው ያሰብሁት፣ ሰዓቱን ነው ያሰብሁት።» እውነቱን ነው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በየሰንበቱ ሲቆርብ የኖረ ሰው ነው፤ መቁረቡን ከጉዳይ አልቆጠረውም። መተንፈሱን ማን ይቆጥራል?

አማረ ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረ። እንዳላማው ጥቂት አሰበና የዘመንፈስን ትከሻ ያዘ።

«ስማኝ። አምስታችሁም ተሰልፋችሁ ትገባላችሁ። ተራህ ሲደርስ ምንጣፉ ላይ ትወጣለህ፣ ለዳኛው እጅ ትነሣለህ። 'ጀምሩ' ሲል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለህ እጅህን ትሰጣለህ። አንተ ትሸነፋለህ፣ ቡድኑ ይቆማል። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ማስተር።»

ልብሱን ሊለውጥ ሲሄድ በየብርጓል አጠገብ አለፈ። «ደብዳቤው እንዳለ ነው» አላት ቀስ ብሎ።

ውሃ ልትጠጣ ወደ አዳራሹ ቧንቧ ስትወጣ የኔታ ገዳሙ መተላለፊያው ላይ ጠበቋት። ጎንበስ አለች። መስቀላቸውን ግንባሯና አፏ ላይ አሳለሟት፤ ይህን አልከለከሏትም።

«እህሳ፣ አባትሽ ደኅና ነው?»

«ደኅና ናቸው፣ የኔታ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዘንድሮ የሠራልኝ ማረሻ መሬቱን እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው። እጁን ይባርከው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

የኔታ ጭራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ፣ ነገሩን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። ሦስተኛውን ዲያቆን ትናንት ደብረ ወርቅ የላክሁት እኔ ነኝ። የሚያስልክ ጉዳይ አልነበረኝም።»

የብርጓል ቀና አለች። «ለምን?»

«ዛሬ እንዲቆርብ። ካንቺ ጋር ያለውን ነገር ሰምቻለሁ። ቆርቦ አይፋለምም፤ ካልተፋለመም እዚህ አይመጣም ብየ ነበር። እምቢ ብሎ መጣ። ተከትየው መጣሁ።» ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ተማሪ ሲያስጠኑም እንዲሁ ናቸው ይባላል። «ክፉ እንዳልመስልሽ። የቡዳውን ወሬ እኔ አላምንበትም፤ መጽሐፍም አይለውም። ልጄ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ቄስ ይሆናል። የቄስ ቤት ሰው ሁሉ የሚበላበት ቤት ነው። ካንቺ እጅ ማን ይቆርሳል? አራስ ልትጠይቂ ብትሄጅ ማን ሕፃኑን ያሳቅፍሻል? አገሩ ያምንበታል፤ እኔም የምኖረው ካገሩ ጋር ነው።»

«ልጅዎ ያገሩን ወሬ አይሰማም፣ የኔታ።»

አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ጥላቻ ቢኖር በቀለላት፤ የነበረው ግን ሐዘኔታ ነው።

«እኔ ልጄን አውቀዋለሁ» አሉ። «አንቺም የምታውቂው ይመስልሻል።»

ሄዱ። የብርጓል የቧንቧውን ውሃ ከፍታ እጇን ከሥሩ ዘረጋች፤ መጠጣቱን ግን ረሳችው። ዛሬ እጇን ሰው ፊት ከያዛት የዚህ ሽማግሌ ተንኮል ሁሉ ጉም ነው። ካልያዛት ደግሞ እሳቸው የነገሯት ሁሉ እውነት ሊሆን ነው። እዚያው ቆማ ፈራች። ከምንጣፍ ላይ ፍርሃት የተለየ ፍርሃት ነው።

*

የደጀን ልጆች የመኪና መንገድ ልጆች ናቸው፤ ፈጣን፣ ተናጋሪ፣ ጀርባው ላይ ስማቸው የታተመ ቱታ የለበሱ። አማረ የመጀመሪያውን አሸነፈ። አንሙት ተሸነፈ። ማንጠግቦሽ እንደ ስሟ ሳትጠገብ፣ ተጋጣሚዋን ጥግ ለጥግ አሯሩጣ አሸነፈች። ሁለት ለአንድ። ዘመንፈስ እጁን ሲሰጥ ሁለት ለሁለት ይሆናል፤ ከዚያ ዋንጫው የብርጓል እጅ ላይ ይወድቃል።

ምንጣፉ ላይ ወጣ። ከደጀን ደጋፊዎች አንዱ «ይህ ዲያቆን ሊያጥነን ነው እንዴ የመጣው?» አለና ግማሽ አዳራሽ ሳቀ። ዘመንፈስ ቀላ። ዞር ብሎ የብርጓልን አያት።

እሷም አየችው። ልትለው የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፦ ተወው፣ እጅህን ስጥና ውረድ፣ እኔ አለሁ። ግን ከጠዋት ጀምሮ የተጠራቀመው ናፍቆት፣ ደብዳቤውም፣ የአባቱ ንግግርም አንድ ላይ ዓይኗ ውስጥ ነበር። እሱ ያነበበው ሌላ ነገር ነው። «አታሳፍረኝ» ያለችው መሰለው።

«ጀምሩ» አለ ዳኛው።

ዘመንፈስ ወደ ኋላ አላለም።

በዚያ በመጀመሪያው ደቂቃ የተፋለመውን ያህል ተፋልሞ አያውቅም። ቀጭኑ እግሩ ሁለት ጊዜ የደጀኑን ልጅ ደረት አገኘ። ሳቁ ቆመ። እንዳላማው ከምንጣፉ ጠርዝ «እጅህን ስጥ! ምን ነካህ!» ይላል። የኔታ ገዳሙ ከተቀመጡበት ተነሥተዋል። የብርጓልም ተነሥታለች። አንድ ልቧ ይጮኻል፣ አንድ ልቧ ይኮራል። እውነቱን እንናገር ከተባለ የኮራው ይበልጥ ነበር፤ ለእኔ ብሎ ነው፣ አለች በሆዷ።

ከዚያ የደጀኑ ልጅ በግራው አሳስቶ በቀኙ መጣ። ጡጫው አፍንጫውን አገኘው።

ደሙ ወዲያው ወረደ። ዘመንፈስ ጎንበስ ብሎ መዳፉን እንደ ገንዳ አድርጎ ከአፍንጫው ሥር ያዘ፤ መሬት እንዳይነካ ነው። ሞልቶ በጣቶቹ መሃል አልፎ አቡጀዲው ላይ፣ ከአቡጀዲው ምንጣፉ ላይ ወረደ። ከላይኛው ወንበር አንዲት ሴት «ቆርቧል እኮ» አለች፤ ያን ቃል ያልሰማ አልነበረም። አሮጊቶች አማተቡ። ዳኛው ፍልሚያውን አስቆመ። የኔታ ገዳሙ ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፉ ላይ ገቡና የልጃቸውን ነጠላ ትከሻው ላይ ጣሉለት።

የብርጓል ጥጥ ይዛ ሮጠች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አልከለከላትም። ፊቱ ተንበረከከች።

«ዘመንፈስ፣ ቀና በል። ቀና በልልኝ።»

ቀና አለ። አያት። ዓይኑ ውስጥ ያየችውን እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። ነጠላውን በደማው እጁ ከትከሻው ነጠቀና ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ ሸፈነ፤ ሸፍኖም ከእሷ ዞረ።

«አትይኝ» አለ ከነጠላው ሥር። «አትይኝ አንች።»

እዚያ አገር ሕፃን ያዘለች እናት በቀጥቃጭ ደጅ ስታልፍ የልጇን ፊት የምትሸፍነው እንደዚሁ ነው። ላም ስትታለብ ወተቱ የሚከደነው እንደዚሁ ነው። የብርጓል ከልጅነቷ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተሸፈነባት ቁጥሩን አታውቀውም። አዳራሹ ሁሉ አየ፤ የማያውቃት ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነች በዚያች ቅጽበት አወቀ።

ጥጡ እጇ ላይ ቀረ። ማንጠግቦሽ ክንዷን ይዛ አነሣቻት። ስትነሣ የኔታን አየቻቸው፤ ደስ ብሏቸው ቢሆን ኖሮ ትሰድባቸው ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተዋል። ከዚያ በኋላ ሰውነቷ ውስጥ ምንም ነገር የቀረ አልመሰላትም።

*

«ሁለት ለሁለት» አለ ዳኛው። «አምስተኛ ተፋላሚዎች።»

የደጀኗ መቅደላዊት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ዕለት ቧንቧው ጋ መጥታ «ያችን የዞረ ርግጫ እንዴት ነው የምታደርጊያት?» ብላ ጠይቃት፣ የብርጓልም አሳይታት፣ ተሳስቀው ነበር የተለያዩት። አሁን ግን አንገቷ ላይ ያለውን የማዕተብ ክር በጥርሷ ነክሳ ነው የወጣችው። ዳኛው አስተፋት። ተከላካይ እጇን አነሣች፤ ዓይኗን ግን ከምንጣፉ አላነሣችም።

ዓይኑን ያቀረቀረ ተፋላሚ እግር አያይም። የብርጓል ይህን ታውቃለች፤ እንዳላማው መጀመሪያ ያስተማራቸው ይህንን ነው። ጨዋ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ፣ ራቅ ብሎ፣ ልጅቷ ልቧ እስኪመለስ ይጠብቃል። የብርጓል እስከዚያ ቀን ድረስ ጨዋ ነበረች።

ተጠጋቻት። «ቀና ብለሽ እይኝ» አለቻት በሹክሹክታ።

መቅደላዊት ወደ ኋላ አለች። የብርጓል ደረቷን መታቻት። እንደገና ተጠጋች። «እይኝ እንጂ። ትናንት ታይኝ አልነበር?» ሁለተኛውን ጎኗ ላይ፣ ሦስተኛውን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈችባት። አራተኛውን ስታነሣ ልጅቷ እያለቀሰች ነበር። እያለቀሰች መሆኗን አይታለች። አሳረፈችው።

ደስ አላት። ያን ደስታ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም፤ ዕድሜ ልኳንም ታፍርበታለች። ሃያ ሁለት ዓመት የፈሯት ነገር ኖሯት አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ከየትም አምጥታ ለአንዲት ምንም ላላደረገቻት ልጅ ሰጠቻት።

ሮብ ገበያ ሦስት ለሁለት አሸነፈ። አማረና አንሙት እየጮኹ ምንጣፉ ላይ ወጡ። በትከሻቸው የተሸከሙት ማንጠግቦሽን ነው። ዋንጫውን ያስገኘችው አምስተኛዋ ተፋላሚ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያዋን ብቻዋን ፈታች። እንዳላማው መጥቶ «ጎበዝ» አላት። እጁን ግን አልዘረጋላትም፤ ላለመዘርጋት ያሰበ አይመስልም ነበር፣ እንዲሁ ሳይዘረጋ ቀረ።

*

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። የኔታ ገዳሙ ጋቢና ተቀምጠዋል። ልጆቹ ዋንጫውን እየተቀባበሉ ፎቶ ይነሣሉ። የብርጓል ከመኪናው ኋላ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ቆማለች።

ዘመንፈስ መጣ። አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ገብቷል፤ ፊቱ አብጧል።

«የብርጓል።»

የሻንጣዋን ማሰሪያ አጠበቀች።

«ሳላስበው ነው። ደሙን ሳይ ደንግጨ ነው። እጄ ነው ያደረገው፤ እኔ አይደለሁም። እኔ እንደዚያ እንደማላስብ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«በመጀመሪያው ቀን ሁሉ ሲሸሽ የመጣሁት እኔ አይደለሁም?»

«አንተ ነህ።»

«ታዲያ ይቅር በይኝ።» ወደ ጋቢናው ዞር ብሎ አየ። «አባቴ እያየ ነው። ልጆቹም እያዩ ነው። አሁን እጅሽን ልያዝ፤ እንደ ጻፍሁልሽ። ነገ አገሩ የፈለገውን ይበል። ነይ።»

እጁን ዘረጋ። ሰው ሁሉ እያየ፣ በቀን ብርሃን ዘረጋው። ዓመት ከመንፈቅ የጠበቀችው እጅ ነው። ጥፍሮቹ ሥር የደረቀ ደም አለ። ጋቢናው ውስጥ ነጭ ጥምጥም ወደ መስታወቱ ዞረ፤ አማረ ዋንጫውን ከፍ እንዳደረገ ቆመ። የብርጓል እጁን አየችው። እንዴት አድርጋ እንደምትወደው ያን ጊዜ ነው ያወቀችው፤ ስለ ወደደችውም ነው የሚቀጥለውን መናገር የቻለችው።

«አስበህበት ቢሆን ይቅር እልህ ነበር» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰው አስቦ ያደረገውን ሌላ ቀን አስቦ ይተወዋል። አንተ ሳታስብ ነው ፊትህን የሸፈንህ። አሁን እጅህን የዘረጋኸው አስበህ ነው፤ ይታየኛል። አንድ ቀን ልጅ እንወልዳለን። ሌሊት ትኩሳት ይይዘዋል። ደንግጠህ ትነሣለህ፤ እኔም እነሣለሁ። ያኔ ሳታስብ ምን ታደርጋለህ?»

«የብርጓል...»

«ከእኔ ትሸፍነዋለህ?»

«ኧረ ተይ እባክሽ።»

«አትሸፍነውም? 'አልሸፍነውም' በለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። መሐላ አልጠየቅሁህም። አንድ ቃል ብቻ በለኝና እጅህን ልያዘው።»

ዘመንፈስ አፉን ከፈተ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ቀላል ቃል ነው፤ ልጅ እንኳ የሚለው ቃል ነው። እሱ ግን ያን ቀን የቆረበ ሰው ነበር፤ ከዚያም በፊት ቢሆን ዋሽቷት አያውቅም። ወደ ውስጡ አየና እዚያ የሚያገኘውን ፈለገ፤ ረጅም ጊዜ ፈለገ።

ቃሉ አልወጣም። እጁ ቀስ እያለ ወደ ጎኑ ወረደ።

የብርጓል ሻንጣዋን አንሥታ ገባች። ሐቀኛ ሰው ነበር፤ የወደደችውም በዚያ ነው። ውሸቱን እንኳ 'አልሸፍነውም' ብሏት ቢሆን ኖሮ፣ ውሸት መሆኑን እያወቀች እጁን ትይዘው ነበር።